የሚሠራ ኮምፒውተርና የተጠበቀ ኮምፒውተር

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። በጅማ ዙሪያ፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ ቡና መቅላት የሚጀምርበትና የማጠቢያ ጣቢያዎች እሸት ቡና ለመረከብ የሚሰናዱበት ወቅት ነው። በዚያው ቀን ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ለአሥር ዓመት ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ረቡዕ ጠዋት ግን ኮምፒውተሮቹ እንደ ወትሮው ተነሡ። መዝገቡ ተከፈተ፣ ደረሰኙ ታተመ፤ የተለወጠ ነገር ለዓይን አልታየም።

የዛሬው ትምህርት ለዓይን ስላልታየው ለውጥ ነው። ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ድጋፍ ሲያበቃ የሚለወጠው ምንድን ነው? ድጋፉ ያበቃለትን ኮምፒውተር ይዞ መቆየት ይቻላል? ከተቻለስ እንዴት? ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ግን የምንጠቀምባቸውን ቃላት ትርጉም እናስተካክል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙው ስሕተት የሚጀምረው ከቃላት መደበላለቅ ነውና።

፩. በአንድ ስም የሚጠሩ አራት ነገሮች

«ኮምፒውተሬ አርጅቷል» የሚል ሰው አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይጠራል። የመጀመሪያው ሃርድዌር ነው፤ በእጅ የሚዳሰሰው አካል፣ ማለትም ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ሃርድ ዲስኩ ነው። ሁለተኛው ስርዓተ ክወና ነው። ይህ አካሉን የሚያንቀሳቅስና ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ በእርሱ ላይ ተደግፈው የሚሠሩበት ዋና ፕሮግራም ሲሆን ዊንዶውስ አንዱ ነው፤ ሊነክስ ሌላው ነው። ሦስተኛው ፕሮግራም ነው፤ ለአንድ የተወሰነ ሥራ የምንከፍተው ማለት ነው። ወርድና ኤክሴል፣ የሂሳብ ሠራተኞች የሚያውቁት ፒችትሪ፣ አማርኛ የምንጽፍበት ፓወር ግዕዝ ሁሉም ፕሮግራሞች ናቸው። አራተኛው መረጃ ነው፤ እኛ ራሳችን ያስገባነው ጽሑፍ፣ ቁጥርና ፎቶግራፍ ነው።

አራቱን መለየት ለምን ይጠቅማል? የአንዱ እርጅና የሌላው እርጅና ስላልሆነ ነው። አካሉ ጠንካራ ሆኖ ስርዓተ ክወናው ድጋፉን ሊያጣ ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ አሮጌ አካል ላይ አዲስ ስርዓተ ክወና ሊጫን ይችላል። ከአራቱ ሦስቱ በገንዘብ ይተካሉ። አራተኛው ግን፣ ከማን ስንት ኪሎ ቡና እንደገባ የሚናገረው መዝገብ፣ አንዴ ከጠፋ ከሱቅ አይገዛም። ስለዚህ «ኮምፒውተሩን መጠበቅ» ስንል በመጨረሻ የምንጠብቀው መረጃውን መሆኑን እንያዝ።

፪. ክፍተት፣ ጥገና፣ ድጋፍ

አሁን ሦስት ቃላትን እንጨምር። ክፍተት ማለት ሠሪዎቹ ሳያውቁት በፕሮግራሙ ውስጥ የቀረ፣ ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ እንዲገባ መንገድ የሚሰጥ ስሕተት ነው። ስርዓተ ክወና በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር መስመር ያለው ጽሑፍ ስለሆነ እንዲህ ያለ ስሕተት አይታጣበትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ክፍተት ከእርጅና የሚመጣ ዝገት አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበረ፤ አዲስ የሚሆነው መገኘቱ ነው።

ጥገና ማለት የተገኘውን ክፍተት የሚደፍን፣ ሠሪው የሚልከው ማሻሻያ ነው፤ በተለምዶ አፕዴት የምንለው ነው። ማይክሮሶፍት ጥገናዎቹን የሚለቅቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ነው። የዊንዶውስ 10 የመጨረሻ ቀን ማክሰኞ መዋሉም በአጋጣሚ አይደለም፤ የመጨረሻው መደበኛ ጥገና የወጣበት ቀን ነው። ድጋፍ ማለት እንግዲህ «ክፍተት ሲገኝ እደፍናለሁ» የሚለው የሠሪው ቃል ኪዳን ነው። ድጋፍ አበቃ ማለት ከዚያ ቀን በኋላ ክፍተት ሲገኝ የሚደፍነው የለም ማለት እንጂ ኮምፒውተሩ መሥራት ያቆማል ማለት አይደለም።

ነገሩን የጅማ ሰው ከሚያውቀው ጋር እናገናኘው። የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በጅማ የመልኮ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መርጠው፣ ፈትነው፣ ዘራቸውን አሠራጩ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የዚያ ሥራ ውጤቶች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ምርጫው የተደረገበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታሉ። ተመራማሪው ግን ዝርያውን ሰጥቶ አልተሰናበተም። ሌላ በሽታ ሊነሣ ስለሚችል ዓይኑን ከዛፉ አያነሣም። አሁን ማዕከሉ ዛሬ ተዘጋ ብለን እናስብ። ዛፉ በማግስቱ ይደርቃል? አይደርቅም። ቅጠሉም ፍሬውም የትናንቱ ነው። የሄደው ጠባቂው ነው።

ምሳሌው የሚያንስበት ቦታም አለ፤ እርሱንም ማወቅ ይገባል። የዛፍ በሽታ አያነብም፤ ሰርጎ ገብ ግን ያነባል። ዊንዶውስ 11 ብዙ ክፍሉን ከዊንዶውስ 10 የወረሰ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ጥገና ሲያወጣ፣ ሰርጎ ገቦች ጥገናው የት ቦታ እንደተለጠፈ መርምረው ክፍተቱ የት እንደነበረ ይደርሱበታል። ያው ክፍተት በዊንዶውስ 10 ላይ ካለ፣ የአንዱ መድኃኒት የሌላውን ሕመም ይጠቁማል ማለት ነው። ድጋፉ ያበቃለት ስርዓት ስጋቱ በየወሩ እየጨመረ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

እስካሁን ያየነውን እናጠቃልል። ክፍተት ሁልጊዜ አለ፤ ጥገና ይደፍነዋል፤ ድጋፍ ጥገና እንዲመጣ የሚያደርግ ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳኑ ለዊንዶውስ ኤክስፒ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

፫. መለየት ያለባቸው ሁለት ጥንዶች

የመጀመሪያው ጥንድ ድጋፍ ያለው መሆንና የተጠገነ መሆን ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በዓለም ላይ ተሠራጨ። ቤዛ ጠያቂ የሚባለው ፋይሎችን በምሥጢር ቁልፍ ቆልፎ «ክፈሉና ልክፈትላችሁ» የሚል ቫይረስ ነው። ዋናክራይ የጠየቀው 300 ዶላር ሲሆን በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኞቻቸውን ለመመለስ ተገደዱ። ጥፋቱ የኤክስፒ ነው ተብሎ በሰፊው ተወራ። ከተጠቁት መካከል አብዛኞቹ ግን ዊንዶውስ 7 ነበሩ፤ ዊንዶውስ 7 ደግሞ በዚያን ጊዜ ድጋፍ ነበረው። ጥገናውም መጋቢት 5 ቀን፣ ማለትም ሁለት ወር ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። መድኃኒቱ መጥቶ ያልዋጡት ታመሙ።

ይህ በእኛ አካባቢ የሚመለከተው ብዙ ሰው ነው። የኢንተርኔት ፓኬጅ እንዳያልቅ አፕዴቱን የሚዘጋ አለ። አፕዴቱ ሲወርድ መብራት ጠፍቶበት «ኮምፒውተሬን ያበላሸው እርሱ ነው» ብሎ የተወ አለ። ዊንዶውሱ በክራክ፣ ማለትም ፈቃድ ሳይገዛ በሚከፍት ፕሮግራም፣ የተከፈተ ስለሆነ እንዳይታወቅበት የሚዘጋም አለ። ምክንያቱ የየራሱ ነው፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው። ድጋፍ እያለው ያልተጠገነ ኮምፒውተር፣ ድጋፍ ከሌለው ኮምፒውተር ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጧል። በክራክ ጉዳይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ክራኩ ሲጫን ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል፤ ምን እንዳስገባ የሚያይ ዓይን እንዳይኖር ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥንድ አንቲቫይረስና ጥገና ነው። አንቲቫይረስ የታወቁ ሌቦችን መልክ በዝርዝር ይዞ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ጥገና ደግሞ የተሰበረውን አጥር የሚሠራ አናጢ ነው። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 10 ላይ ያለውን ዲፌንደር የተባለ አንቲቫይረስ እስከ እ.ኤ.አ. 2028 በአዳዲስ ዝርዝሮች እንደሚያድስ አስታውቋል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ድጋፉ አለ» ሊል ይችላል። ዘበኛው ቀርቷል፤ አናጢው ግን ሄዷል። ዘበኛው ይጠቅማልና አናሰናብተው፤ ነገር ግን በአጥሩ ቀዳዳ የገባውን ሁሉ ያየዋል ብለን አንመን።

እነዚህን ሁለት ጥንዶች የለየ ሰው ከሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይድናል። አንዱ ስሕተት «እየሠራ ነው፤ ስለዚህ ደህና ነው» ይላል። ሌላው «ድጋፉ አልቋል፤ ስለዚህ ይጣል» ይላል። የመጀመሪያው መሥራትንና መጠበቅን ያምታታል፤ ሁለተኛው ስርዓተ ክወናንና አካልን ያምታታል። ትክክለኛው መንገድ በመካከል ነው። ጠባቂ የሌለውን ቤት የሚይዝ ሰው በሮቹን ይቀንሳል፣ ውድ ዕቃውን በሌላ ቦታም ያስቀምጣል፣ የመውጫ ቀኑንም ይቆርጣል። የሚቀጥሉት ሦስት ክፍሎች ስለ እነዚህ ናቸው።

፬. በሮችን መቀነስ

አደጋ ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በዋናነት በሦስት በሮች ነው፤ በመረብ፣ በፍላሽና በሥልጣን።

መረብ ስንል ኮምፒውተሩን ከሌሎች ኮምፒውተሮችና ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘውን ሁሉ ማለታችን ነው። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ያስፈልገዋል?» የሚለው ነው። አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቢሮ በዓይነ ኅሊናችን እንይ። ከሚዛኑ አጠገብ ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር፣ ከሥሩ ስታብላይዘር፣ ጎኑ ላይ ፕሪንተር። ሥራው ሁለት ነው፤ የገባውን እሸት ቡና መመዝገብና ደረሰኝ ማተም። ለእነዚህ ሁለት ሥራዎች ኢንተርኔት አያስፈልግም። እንዲህ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ከመረብ ማለያየት ከሁሉ የሚበልጥ ጥበቃ ነው፤ ዋጋውም ገመድ መንቀልና ዋይፋይ ማጥፋት ብቻ ነው። በሆስፒታልና በላቦራቶሪ ከመመርመሪያ መሣሪያ ጋር ተቆራኝተው የሚመጡና ስርዓታቸው የማይቀየር ኮምፒውተሮችም የሚጠበቁት በዚሁ መንገድ ነው።

ኢንተርኔት የግድ ከሆነስ? ያን ጊዜ አራት ነገሮች ይደረጋሉ። ፋየርዎል፣ ማለትም ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ያለ ፈቃድ እንዳይገባ የሚያግደው የዊንዶውስ ክፍል፣ እየሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። የፋይል መጋራትንና ከርቀት ሆኖ ኮምፒውተሩን ማዘዝን የሚፈቅዱ አገልግሎቶችን ይዝጉ፤ ዋናክራይ ከማሽን ወደ ማሽን የተዘዋወረው በፋይል መጋሪያው በር ነበር። ለስርዓቱ ገና የሚታደስ ብራውዘር ይጠቀሙ፤ ለምሳሌ ክሮም በዊንዶውስ 7 ላይ ከ109ኛው ዕትም ወዲህ አይታደስም። አራተኛ፣ የባንክ ሥራን በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሥሩ፤ ድጋፍ ያለው ሌላ ኮምፒውተር ወይም ማሻሻያ የሚመጣለት ስልክ ይሁን።

ሁለተኛው በር ፍላሽ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ካሉት የኅትመት ቤቶች ወደ አንዱ በመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን እንግባ። ተማሪዎች ፍላሻቸውን በእጃቸው ይዘው ተሰልፈዋል። የአንዷ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሯ አለ፤ ነገር ግን ከሥሩ በግራ በኩል ትንሽ ቀስት ተቀምጣለች። ይህ «ሾርትከት ቫይረስ» የምንለው ነው። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በስሙ አቋራጭ ያስቀምጣል። ተማሪዋ ስትጫነው መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሣል፤ ቀጥሎ ፎልደሩ ይከፈታል። ፎልደሩ ስለተከፈተ ምንም አልጠረጠረችም። ቀጥሎ የሚሰካው ፍላሽ ደግሞ የሌላ ሰው ነው። ከዚህ የምንማረው ከመረብ የተለየ ኮምፒውተር ሁሉ የተለየ አለመሆኑን ነው፤ ፍላሽ በእግሩ የሚሄድ መረብ ነውና። ስለዚህ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ እንዳይከፈት አውቶፕሌይን ያጥፉ፤ ለመዝገቡ ኮምፒውተር ብቻ የሚያገለግል አንድ ፍላሽ ይለዩ፤ ቀስት ያለበትን ፎልደር አይጫኑ።

ሦስተኛው በር ሥልጣን ነው። ዊንዶውስ ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ ያውቃል። አስተዳዳሪ ፕሮግራም መጫንና ሁሉን መለወጥ ይችላል፤ መደበኛ ተጠቃሚ ግን መሥራት እንጂ ስርዓቱን መለወጥ አይችልም። ቫይረስ የሚይዘው የከፈተውን ሰው ሥልጣን ነው። በአስተዳዳሪ ስም ሲከፈት አስተዳዳሪ ይሆናል። ለዕለት ሥራ መደበኛ ተጠቃሚ መክፈትና የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ለብቻ መያዝ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው።

በአጭሩ፦ የማያስፈልገውን መረብ መንቀል፣ ፍላሽን መለየት፣ ሥልጣንን መቀነስ።

፭. መረጃን በሌላ ቦታም ማስቀመጥ

መጠባበቂያ ቅጂ ማለት ዋናው ቢጠፋ ሥራን የሚያስቀጥል፣ ከዋናው ተለይቶ የተቀመጠ ግልባጭ ነው። በትርጉሙ ውስጥ ዋናው ቃል «ተለይቶ» የሚለው ነው። በዚያው ኮምፒውተር «ዲ» በተባለው የዲስኩ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ግልባጭ አልተለየም፤ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ ተሰክቶ የሚውል ሃርድ ዲስክም አልተለየም፤ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ እርሱንም ይቆልፈዋል። ቅጂ ሲወሰድ ይሰካል፣ ሲያልቅ ይነቀላል፣ ከዚያም በሌላ ክፍል ወይም በሌላ ቤት ይቀመጣል።

ልማዱ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። በቡና ወቅት በየማታው፣ ከወቅቱ ውጭ በየሳምንቱ ቅጂ ይወሰድ። ሁለት ዲስክ በተራ ያገልግል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይኖራል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ከቅጂው አንድ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይታይ፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ገና ተስፋ ነው።

መረጃን መጠበቅ የራስን ንብረት ከመጠበቅ በላይ ነው። የአንድ ማኅበር ኮምፒውተር የገበሬዎችን ስም፣ ስልክና የባንክ ሂሳብ ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያጸደቀው የደን ጥበቃ ሕግ ወደ ኅብረቱ የሚገባው ቡና የበቀለበትን መሬት የካርታ መገኛ ስለሚጠይቅ፣ የየሰዉ ማሳ ሳይቀር ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ወገን መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አደራ የተቀበለ ሰው ሣጥኑ ቁልፍ እንዳለው ማወቅ ይገባዋል።

፮. የመውጫውን ቀን መቁረጥ

ያየናቸው ጥበቃዎች ጊዜ ይገዛሉ እንጂ ድጋፍን አይተኩም። ስለዚህ መውጫውን እንይ። መንገዶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ማራዘም ነው። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የዊንዶውስ 10 የደህንነት ጥገናዎችን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያስቀጥል ፕሮግራም አዘጋጅቷል። ኮምፒውተሩ በመጨረሻው 22ኤች2 በተባለው ዕትም ላይ መሆንና በማይክሮሶፍት አካውንት መመዝገብ አለበት። ይህ ዕድሜ የተወሰነለት እፎይታ ነው።

ሁለተኛው ወደ ዊንዶውስ 11 ማለፍ ነው። ኮምፒውተሩ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍልና በዝርዝሩ የተካተተ ፕሮሰሰር ሊኖረው ይገባል። የኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለው ማለት ነው።

ሦስተኛው ወደ ሊነክስ መሻገር ነው። ከሊነክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሊነክስ ሚንት በነጻ ይገኛል፤ 22ኛው ዕትሙ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድጋፍ አለው፤ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸውን ብዙ ኮምፒውተሮች ይቀበላል። ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ መሞከርም ይቻላል። ነገር ግን ሁለት ነገር አስቀድሞ ይታሰብ። ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ ሂሳብ የሚሠራበትን ኮምፒውተር መጀመሪያ አያሻግሩ። ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉ የቆዩ ደብዳቤዎችም ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ሆነው ይታያሉ። ደብዳቤው አልጠፋም፤ ፎንቱን አብሮ መውሰድ ነው የሚያስፈልገው።

ማጠቃለያ

ከመነሻው እስከዚህ የመጣንበትን በአንድ ትንፋሽ እናስታውስ። ኮምፒውተር አራት ነገር ነው፤ የማይተካው መረጃው ነው። ድጋፍ ሲያበቃ የሚሄደው ሥራው ሳይሆን ጠባቂው ነው። ድጋፍ ካለ ጥገናውን መቀበል ይገባል፤ አንቲቫይረስ ጥገናን አይተካም። ጠባቂ ከሌለ በሩ ይቀንሳል፣ ቅጂው ይለያል፣ መውጫው ይታሰባል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ትምህርቱን በአንድ ወረቀት ይጀምሩት። የዊንዶውስን ቁልፍና «አር» የሚለውን ፊደል አብረው ይጫኑና በሚከፈተው ሣጥን «ዊንቨር» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል (winver) ጽፈው «ኢንተር»ን ይጫኑ፤ የስርዓቱ ስም ይወጣል። በወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ይጻፉ፤ የስርዓቱን ስም፣ ድጋፉ ያበቃበትን ወይም የሚያበቃበትን ቀን፣ የመጨረሻው ቅጂ የተወሰደበትን ቀን። ከዚያም ኮምፒውተሩ ላይ ይለጥፉት። ሦስተኛው መስመር ባዶ ከቀረ፣ የዛሬ ማታ ሥራዎ እርሱን መሙላት ነው።